ጭሱን በዓይን አትመዝኑት፣ ኖዝሉን አስፈትሹት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ናፍጣ ጭስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛ፣ ጭስ የሚመጣው ካረጀ ሞተርና ከመጥፎ ነዳጅ ነው ብላችሁ አለፋችሁት። ሁለተኛ፣ መርከብን በአንድ መስመር ነካ አድርጋችሁ፣ እኛ ባሕር ስለሌለን አይመለከተንም በሚል ስሜት ተሻገራችሁት። እኔ ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓና ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ከኖዝል ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ሁለተኛውን ቶሎ ልጨርሰው። ባሕር የለንም፣ መርከብ ግን አለን። የኢትዮጵያ ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ጅቡቲ ይመላለሳሉ። የማሪታይም ማሰልጠኛውም ባሕር ዳር ነው፣ እዚያ የተማሩ ልጆች ዛሬ በየውቅያኖሱ የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ላባቸውን ያፈሳሉ። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ የምቀይረው ኖዝል እንኳ የሚመጣው በመርከብ ነው። ጣናም አለ። ጎርጎራ ከዚህ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ያሉት ጀልባዎች የሚሄዱት በታንኳ መቅዘፊያ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ይመለከተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። አየሩ ታምቆ ታምቆ ይግላል፣ ናፍጣው ይረጫል፣ በራሱ ጊዜ ይነዳል። ሁሉ ነገር ያለው አረጫጨቱ ላይ ነው። መቼ ጀመረ? በምን ግፊት? በስንት ቀዳዳ? ሲያቆምስ ቆርጦ አቆመ ወይስ እየተንጠባጠበ? ግንድ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ብትከቱት ቤቱን በጭስ ይሞላዋል፣ ፈልጣችሁ ብትከቱት ግን ቦግ ብሎ ይነዳል። የኖዝል ሥራ መፍለጥ ነው። ጠብታው በደቀቀ ቁጥር አየር በየጎኑ ያገኘዋል፣ ሙሉ በሙሉ ይቃጠላል። ጠብታው ከወፈረ ላዩ ይነድና ውስጡ ጥቀርሻ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እናንተ መንገድ ላይ አፍንጫችሁን የምትይዙለት ጥቁር ጭስ ማለት ሳይቃጠል የተጣለ ነዳጅ ነው። ባለመኪናው የከፈለበት ነዳጅ! እሱን ስነግራቸው ነው ሰዎች ጆሮ የሚሰጡኝ፣ ስለ አየር ብክለት ሳወራ ግን ሰዓታቸውን ያያሉ።

ይህ በመርከብ ላይ ሲሆን ምን ያህል እንደሚገዝፍ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረችው ኤማ ማርስክ የምትባል የኮንቴይነር መርከብ ሞተር 14 ሲሊንደር አለው። የአንዱ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 96 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሰው ገብቶ ሊቆምበት ይችላል። ሞተሩ ብቻውን ከ2,300 ቶን በላይ ይመዝናል። ጉልበቱ 80,000 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የሚዞረው ግን ቀስ ብሎ ነው፣ በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ 102 ጊዜ ብቻ። እኔ ሒሳብ እወዳለሁና ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሞተሩ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 170 ግራም ገደማ ነዳጅ ይበላል። ያንን ለ14 ሲሊንደርና ለዙሩ ስታካፍሉት፣ አንድ ሲሊንደር በአንድ ርጭት 160 ግራም ገደማ ይቀበላል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ማለት ነው፣ በአንድ ርጭት! እኔ ዘንድ የሚመጣው አይሱዙ በአንድ ርጭት የግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የአይሱዙ ኖዝል ሲበላሽ ከአዘዞ ወደ ከተማ ያለው ዳገት ይጠቁራል፣ የመርከብ ሲበላሽ ደግሞ ወደብ ሙሉ ሰው ያስላል።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ከመርከቡ የወጣ ኖዝል ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከነአካሉ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። እኔ በጣቴና በአውራ ጣቴ መሃል ይዤ መብራት ላይ የማየውን ነገር እነሱ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ይፈቱታል። ጫፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ የእኔዎቹ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ካልተጠረጉ አይታዩም። ፎቶውን አሳድጌ ሳየው ግን የማውቀው በሽታ ሁሉ አለበት። ቀዳዳው በአንድ ጎን ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ጫፉ ላይ እንደ ቡና አተላ የመሰለ ከሰል ተጋግሯል። “ጋሼ፣ ይኸ ስንት ሰዓት የሠራ ይመስልሃል?” ይለኛል። ስንት ሰዓት መሥራቱ ሳይሆን ምን እንደጠጣ ነው ጉዳዩ አልኩት። አመነልኝ። ትልልቆቹ መርከቦች የሚጠጡት የኛን ናፍጣ አይደለም። ማጣሪያ ፋብሪካ ጥሩ ጥሩውን ከወሰደ በኋላ የሚቀረውን ከባድ ዘይት ነው። ሲቀዘቅዝ አስፋልት ይመስላል። እንዲረጭ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ይሞቃል። ውስጡ ደግሞ ከፋብሪካው የመጣ ደቃቅ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ብናኝ አለ። በደንብ ካልተጣራ ያ ብናኝ ፖምፓውንም ኖዝሉንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

ነዳጁ መጥፎ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እንግዲህ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ያው ነዳጅ በጥሩ ኖዝልና በመጥፎ ኖዝል የሚያወጣው ጭስ አንድ አይደለም።

መሐንዲሶቹ ይህንን ያወቁት ዛሬ አይደለም። የናፍጣ ሞተርን የፈጠረው ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ መጀመሪያ ነዳጁን የሚረጨው በታመቀ አየር ነበር፣ ለዚያ ብቻ ኮምፕሬሰር ይሸከም ነበር። (ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1913 ባሕር ሲያቋርጥ ከመርከብ ላይ የጠፋ ሰው ነው፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል።) በኋላ ፖምፓው ብቻውን በግፊት መርጨት ቻለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የመርከብ ፖምፓ በካምሻፍት፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞር ካም የሚባል ጉብታ ባለው ዘንግ፣ እየተገፋ ሠራ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በካም የሚገፋ ፖምፓ ግፊቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ይወርዳል። መርከቡ መሃል ባሕር ላይ በሙሉ ኃይል ሲሄድ ርጭቱ ጥሩ ነው። ወደብ ሲገባና ቀስ ሲል ግን ግፊቱ ይሞታል፣ ጠብታው ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል። መቼ ነው የጠቆረው? ሰው የሚኖርበት ቦታ ሲደርስ!

ለዚህ የመጣው መድኃኒት ኮመን ሬይል ነው። ሬይሉ የጋራ ቧንቧ ነው፣ ፖምፓው ነዳጁን እዚያ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ያጠራቅማል፣ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ግፊቱ አይወርድም። በትልልቅ የመርከብ ሞተሮች ላይ ሱልዘር አርቲ-ፍሌክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2001 መርከብ ላይ ገባ። ማን (MAN) የተባለው የጀርመን ኩባንያም በሌላ መንገድ፣ በሃይድሮሊክ፣ ካሙን አስወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሞተር አመጣ። አርቲ-ፍሌክሱ አንዱ ሲሊንደር ላይ ሦስት ኖዝል አለው፣ መርከቡ ሲያዘግም ሁለቱን ዘግቶ በአንዱ ብቻ ይረጫል። ትንሿን ነዳጅ ለሦስት ከመበተን በአንዱ በደንብ ማድቀቅ ይሻላል ነው ነገሩ። ይህንን ሳነብ በመገረም ብቻዬን ሳቅኩ። ቀላል ሐሳብ እኮ ነው፣ ግን ካም ባለበት ሞተር አይታሰብም።

ሌላው ከሁሉ የምወደው ደግሞ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ኖዝል ሲዘጋ ውስጡ ያለው ከፋችና ዘጊ መርፌ መቀመጫው ላይ ይወርዳል። ከመቀመጫው በታች፣ ከቀዳዳዎቹ በላይ፣ ትንሽ ከረጢት የመሰለች ክፍተት አለች። መርፌው ከተዘጋ በኋላ እዚያ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ያለ ግፊት ይፈስሳል። እሳቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ በግማሹ ይቃጠላል፣ ጥቀርሻ ይሆናል፣ ያልተቃጠለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በትንሽ ሞተር ይህ ጠብታ ነው። በመርከብ ሞተር ግን እያንዳንዱ ዙር ላይ፣ እያንዳንዱ ኖዝል ላይ፣ ቀንና ሌሊት ነው። ያ ማን (MAN) የተባለው ኩባንያ ያደረገው ምንድን ነው? መርፌው ራሱ ቀዳዳዎቹ ድረስ ወርዶ እንዲዘጋቸው አድርጎ ሠራው። ከረጢቷ ጠፋች ማለት ይቻላል። አሮጌ ሞተር ላይም ኖዝሉን ብቻ ቀይሮ መግጠም ይቻላል፣ ሞተር መቀየር አያስፈልግም። ሞተሩ አርጅቷል ለሚል ሰው ሁሌ የማሳየው ምሳሌ ይኸ ነው።

አሁን ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያልነካውን ልናገር። ጥቁሩ ጭስ በዓይን ይታያል። ሌላው አይታይም። እሳቱ በጣም ሲግል፣ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጠራል። ነዳጁ ቢጠራም ባይጠራም፣ ምንጩ አየሩ ራሱ ነው። ሳንባ ይጎዳል፣ የአሲድ ዝናብ ያመጣል። መከራው እዚህ ላይ ነው፦ ነዳጁ ቶሎ ከተረጨና በደንብ ከደቀቀ ሞተሩ ቆጣቢ ይሆናል፣ ጥቀርሻው ይጠፋል፣ ግን እሳቱ ይግልና ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይጨምራል። እሱን ለመቀነስ ርጭቱን ካዘገያችሁት ደግሞ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ነዳጅ ይበዛል፣ ጭስም ይመለሳል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ስለዚህ ጭስ የማይታይበትን ሞተር ንጹሕ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 የተያዘበት ቅሌት ምን ነበር? ያ በዓይን የማይታየው ጋዝ እኮ ነው። መኪኖቹ ሲታዩ ንጹሕ ነበሩ!

የመርከቡን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ይህንን ስለሚያውቅ ጋዙን ለይቶ ይለካል። ማርፖል በሚባለው ስምምነት 6ኛ አባሪ ላይ፣ ቀስ ብለው ለሚዞሩ ትልልቅ ሞተሮች ገደቡ መጀመሪያ በኪሎ ዋት ሰዓት 17 ግራም ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለተሠሩ መርከቦች ነው። ከ2011 ጀምሮ ለተሠሩት 14.4 ሆነ። ከ2016 ጀምሮ የተሠራ መርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ከገባ 3.4 ብቻ ይፈቀድለታል፣ ለባልቲክና ለሰሜን ባሕርም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለተሠሩት እንዲሁ። ከ17 ወደ 14.4 የወረደው በብዛት በርጭት ነው፣ በሰዓቱ፣ በግፊቱ፣ በኖዝሉ ቀዳዳ። አንዳንዶች ነዳጁን ከውኃ ጋር ደባልቀው ወይም ውኃ ለብቻው ረጭተው እሳቱን ያቀዘቅዙታል፣ እብደት ይመስላል ግን ይሠራል። 3.4 ላይ ለመድረስ ግን ኖዝል ብቻውን አይበቃም። ዩሪያ የሚረጭበት ማጣሪያ የጭስ ማውጫው ላይ መግጠም ወይም ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ ማስገባት ያስፈልጋል። የራሴን ሙያ አሞግሼ ኖዝል ሁሉን ያድናል ብል ውሸት ይሆናል።

ድኙንም ኖዝል አያድነውም። በነዳጁ የገባው ድኝ በጭሱ ይወጣል፣ ሌላ መንገድ የለውም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በዓለም ሁሉ የመርከብ ነዳጅ ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ የተደረገው። ካርቦኑም እንዲሁ ነው፣ አንድ ቶን ከባድ ዘይት ሲቃጠል ከሦስት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ መቀነስ የሚቻለው ትንሽ በማቃጠል ነው። ይህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከጅቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የተሠራው ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። ፖምፓው ልክ እንደመጣ ከገጠማችሁት፣ ለሙሉ አየር የታሰበውን ነዳጅ ለሳሳው አየር ይረጫል። ከዚያ ጭስ ነው! ተርቦ፣ ማለትም አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያለው ትንሽ ይችለዋል፣ ተርቦ የሌለው የጀልባ ሞተር ግን አይችልም። መፍትሔው ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ ልክ መቀነስ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ይወርዳል፣ አዎ። ባለጀልባው ይህንን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። “ጉልበቱን አትንካብኝ” ይላል። ጉልበት እያለ የሚከፍለው ግን ለጭስ ነው። ስለ ጣና ሲወራ ሁላችንም እምቦጭን እናነሳለን፣ ልክ ነው ይነሳ። ጀልባው የተነሳበት ቦታ ውኃው ላይ የሚቀረውን ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ቀለም ግን ማንም አያነሳም።

ነዳጁ በጀሪካን እየተሸጠ፣ አንዳንዴም ላምባ እየተቀላቀለበት መምጣቱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የፖምፓው ውስጥ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ብረቱን ብረት ይበላዋል። ርካሽ ተብሎ የተገዛው ነዳጅ በወራት ውስጥ ፖምፓ ያስፈታል። እኔ ሥራ አገኛለሁ፣ ግን እንዲህ ያለ ሥራ አልመኝም።

ምርመራውስ? ቦሎ ለመለጠፍ የሚሄድ መኪና ጭሱ በዓይን ይታያል፣ ነዳጅ አቀብሉት ይባላል፣ ትንሽ ከጨሰ ይለፍ ይባላል፣ በጣም ከጨሰ ሾፌሩ ወደ እኔ ዓይነት ሰው ይመጣና “ለዛሬ ብቻ ቀንስልኝ” ይላል። ለዛሬ ብቻ! ነገ መልሶ ይጨምረዋል። ጀልባ ደግሞ ያንንም አያይም። አንድ ኖዝል ቴስተር ማለት ከእጅ ፖምፓና ከመለኪያ ሰዓት የማይበልጥ ዕቃ ነው። ኖዝሉን ታስሩበታላችሁ፣ እጀታውን ትገፋላችሁ፣ መርፌው እንደ ሞተሩ ዓይነት 180 ወይም 200 ባር ግፊት አካባቢ ይከፈታል። ጥሩ ኖዝል ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ጭጋግ የመሰለ ርጭት ያወጣል፣ ሲዘጋ ጫፉ ደረቅ ነው። የተበላሸው ይንጠባጠባል ወይም እንደ ሕፃን ሽንት አንድ ቀጭን መስመር ይሠራል። ተማሪም አይቶ ይለየዋል። በወረዳ ደረጃ አንድ ቢኖር ምን ይጎዳል? አንድ ስሙን የማልጠራው ማሰልጠኛ ውስጥ ግን ሙሉ የፖምፓ መፈተሻ ማሽን፣ ያ ትልቁ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ ቆሞ አይቻለሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ የሚያስተምረው ሰው የለም አሉኝ። ልጆቹ የናፍጣ ሞተርን ከነጭ ሰሌዳ ላይ ነው የሚማሩት። ከዚያ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ኖዝል ምን እንደሆነ ከዜሮ እናሳያቸዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ይህንን ጽሑፋችሁ ላይ አላየሁትም፣ ለሾፌርና ለመካኒክ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዜና ይኸ ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ይኸ ነው። በሚቀጥለው ስለ ጭስ ስትጽፉ ሞተሩ ስንት ዓመቱ ነው ብላችሁ አትጀምሩ፣ ኖዝሉ መቼ ተፈተሸ ብላችሁ ጠይቁ። ጋዜጠኛም ላኩ። ማለዳ ጎርጎራ ላይ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ይይ፣ ከዚያ ወደ ጋራዤ ይምጣ፣ ከዚያው ጀልባ የወጣ ኖዝል አብረን ቴስተር ላይ እናስረዋለን። የናይትሮጅኑን ጋዝ የምለካበት መሣሪያ ግን እኔ የለኝም፣ ያላቸውን ሰዎች እናንተ ፈልጋችሁ አብራችሁ አምጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የናፍጣ ፖምፓ ሠራተኛ፣ ከጎንደር